ሜታኖል በቅጠል ላይ፣ ሜታኖል በሰው ገላ



ዛሬ የምነግራችሁ በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው፤ ቦታውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን መንገድ ያልወጣ የጉለሌ ሰው አለ ብዬ አልገምትም። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ፣ በማገዶ እጦት ለተጨነቀችው ለአዲሲቱ ከተማ፣ ለአዲስ አበባ፣ ደረሰላት። ከዚያ ወዲህ ስለ እንጨቱ፣ ውሃ ይመጥጣል ስለመባሉ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ስለሚወርዱት እናቶች ብዙ ተብሏል። ዛፉ ወደ አየር ስለሚለቀው አልኮል ግን በአማርኛ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

አዎ፣ አልኮል። ስሙ ሜታኖል ነው። ከአረቄው አልኮል፣ ከኤታኖል፣ በአንድ ካርቦን ያንሳል፤ አንድ ካርቦን ብቻ ነው ያለው። ባሕር ዛፉ ብቻ ሳይሆን ጽዱም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም፣ በየግቢያችን ያለው ጌሾም ይለቁታል። ምክንያቱ ፔክቲን ነው። ፔክቲን ማርማላታን የሚያረጋው ነገር ሲሆን በእያንዳንዱ የቅጠል ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ አለ። ለጋ ቅጠል ሲያድግ ግድግዳው መላላትና እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ለዚህም አንድ የዕፅዋት ኢንዛይም ከፔክቲኑ ላይ ትንንሽ ቅንጣቶችን ይቆርጣል። የተቆረጠው ቅንጣት ሜታኖል ይሆናል። ሌሊት የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ስለሚዘጉ ሜታኖሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ተግተልትሎ ይወጣል። በዓለም ላይ ያሉ ዕፅዋት በዓመት የሚለቁት ሜታኖል ወደ 100 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። ከሚቴን ቀጥሎ በአየራችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦርጋኒክ ጋዝ እሱ ነው።

ይህን ያህል ሲሳይ ከቅጠል ላይ በየማለዳው ሲወጣ ተመጋቢ አይጠፋለትም። ሜቲሎባክቴሪየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቅጠሉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ቀለማቸው ሮዝ ነው፤ ቀለሙ ከካሮት ቀለም ዘመድ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር ይከላከልላቸዋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚደርሰው በእንጦጦ ጋራ ላይ ለሚኖር ፍጡር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤታቸው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ አፈር ውስጥም፣ አቧራ ውስጥም፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥም አሉ። እንዲያውም በሳይንስ ይበልጥ የተጠናው ዘራቸው የተገኘው ከአየር ላይ ነው። ፒል እና ኳይል የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ፣ ሳይጠሩት በአየር መጥቶ የላቦራቶሪ ምግባቸው ላይ ያረፈውን ባክቴሪያ አልጣሉትም፤ ለይተው አሳደጉት። ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ኤኤም1 እየተባለ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባክቴሪያው ሜታኖልን እንዴት ይበላዋል?

የመጀመሪያው ሥራ ከሜታኖሉ ላይ ሁለት ኤሌክትሮንና ሁለት ፕሮቶን መንጠቅ ነው። ይህን የሚሠራው ሜታኖል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ክሪስቶፈር አንተኒ እና ሊዮናርድ ዛትማን በእንግሊዝ በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 አስታወቁት። ግኝቱ በቀላሉ አልመጣም። በዚያ ዘመን የታወቁት የአልኮል ኢንዛይሞች ኤሌክትሮኑን ኤንኤዲ ለሚባል ተሸካሚ ነበር የሚሰጡት፤ ይኸኛው ኤንኤዲን አይነካውም። ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካልቀረበለት፣ አሞኒያ ካልተጨመረለትና ፈሳሹ ወደ አልካሊነት ካልዞረለት በሙከራ ቱቦ ውስጥ አይነቃነቅም። ይህን ሁሉ ማን ይገምታል? ሁለቱን ሰዎች ያደነቅኳቸው እዚህ ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ የለም ብለው ሊያልፉት በሚችሉበት ቦታ ላይ ቆመው ሁኔታውን አንድ በአንድ ለወጡለት።

ሙከራው ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በትንሽ ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይደረጋል። የባክቴሪያው ጭማቂ ይጨመርበታል፤ አሞኒያውም ይገባል። ምንም የለም፤ ሰማያዊው እንዳለ ነው። ከዚያ ሜታኖል ጠብ ይደረግበታል። ኢንዛይሙ በሕይወት ካለ ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቱቦው ቀለም አልባ ይሆናል። ከሜታኖሉ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ማቅለሚያው ላይ አርፈዋል ማለት ነው። ቀለሙ የሚጠፋበት ፍጥነት የኢንዛይሙ ጉልበት መለኪያ ነው።

ኤሌክትሮኑን ከሜታኖሉ ተቀብሎ የሚያሻግረው ግን ፕሮቲኑ ራሱ አይደለም። በፕሮቲኑ እቅፍ ውስጥ ፒኪውኪው የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ አንድ የካልሲየም አቶም አለ። ፒኪውኪው ሁለት ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ለሚቀጥለው ተረካቢ፣ ሳይቶክሮም ለሚባል ብረት ላዘለ ፕሮቲን፣ አንድ በአንድ ያስረክባል፤ ባዶውን ይመለሳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያመላለሰ ማግ እንደሚያስገባው ሁሉ፣ ይህም ሲመላለስ ነው ሥራው የሚሠራው፤ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ይህ ሞለኪውል ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ለማወቅ ከኢንዛይሙ ግኝት በኋላ 15 ዓመት ፈጅቷል፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 በኤክስሬይ ጥናት ነው። ኢንዛይሙ የሚቀመጠውም በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በውስጠኛውና በውጭኛው ሽፋን መካከል ነው። ይህን ያዙልኝ።

ኤሌክትሮኑን ያጣው ሜታኖል ምን ይሆናል? ፎርማልዲሃይድ ይሆናል። የሕክምና ባለሙያዎች ታውቁታላችሁ፤ ከሰው ገላ ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚላከው ሥጋ የሚዘፈዘፍበት ፎርማሊን ማለት እሱው በውሃ የተበጠበጠ ነው። ፕሮቲንን ከፕሮቲን ያጣብቃል፤ ሕይወት ያለውን ሁሉ ያደርቃል። እንግዲህ ባክቴሪያው ቁርሱን በበላ ቁጥር የመጀመሪያው ውጤት መርዝ ነው።

ይህ የመጀመሪያ እርምጃ በእኛም ገላ ውስጥ ይሠራል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ሜታኖል የጠጣ ሰው ጉበት የራሱ የአልኮል ኢንዛይም አለው። በዚንክና በኤንኤዲ ይሠራል፤ ከባክቴሪያው ኢንዛይም ጋር ዝምድና የለውም። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ፎርማልዲሃይድ። ጉበታችን ፎርማልዲሃይዱን ወዲያው ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ እዚያ ላይ ግን ሥራው ይዘገያል። ፎርሚክ አሲዱ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሕዋሳት ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን የመጨረሻውን ኢንዛይም ያፍናል። ብዙ ጉልበት የሚፈልገው የዓይን ነርቭ ቀድሞ ይጎዳል። በሽተኛው እንደ በረዶ ነጭ ነገር ጋረደኝ ይላል። ከዚያ ዓይነ ስውርነት፤ ከዚያ ሞት።

ባክቴሪያውስ ለምን አይሞትም? ቀጣዩን እርምጃ አስቀድሞ ስላዘጋጀ ነው። ፎርማልዲሃይዱ ወደ ሕዋሱ ሲገባ ሜቲሎባክቴሪየም በሕዋሱ ውስጥ ተሸካሚ ሞለኪውል አሰልፎ ይጠብቀዋል፤ ለብቻው እንዲንቀዋለል አይተወውም። ተሸካሚው ይይዘውና በየደረጃው እያሳለፈ ወደ ፎርሚክ አሲድ ያደርሰዋል፤ ፎርሚክ አሲዱም አይጠራቀምም። ከፊሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቃጥሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ከፊሉ ከሌላ ካርቦን ጋር ተጋጥሞ የባክቴሪያው ሥጋ ይሆናል። ይህ ተሸካሚ ሚቴን ሠሪዎችና ዘመዶቻቸው የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት ዘንድ ብቻ ያለ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ቺስቶሰርዶቫ፣ ፎርሆልት፣ ታወር እና ሊድስትሮም ሜታኖል በሚበሉት ዘንድም መኖሩን አሳዩ። የሁለቱ ወገን ፍጥረታት ኑሮ ፈጽሞ የማይገናኝ ሆኖ ሳለ መሣሪያቸው አንድ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ መርዙን መርዝ ያደረገው ሜታኖሉ ወይም የመጀመሪያው ኢንዛይም ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው ሥራ በጊዜው ተሠራ ወይስ ዘገየ፣ ነገሩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ከሳይንሱ ጥቂት ወጥቼ ስለ አረቄ ልናገር፤ በዚህ ሰፈር አረቄ የሚያወጡም የሚሸጡም እናቶች አሉና። ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚወጣ አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም እህል ብዙ ፔክቲን የለውም። በዓለም ላይ ሰውን በጅምላ የሚፈጀው ሌላ ነው፤ ለፋብሪካ፣ ለቀለም ማቅጠኛ ወይም ለጽዳት የተሠራ ሜታኖል ርካሽ ስለሆነ መጠጥ ላይ ሲቀላቀል ነው። በኮቪድ ወቅት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢራን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ሞተዋል። ሜታኖል በጠረኑም በጣዕሙም ከኤታኖል በቀላሉ አይለይም። ምልክቱም ቶሎ አይታይም፤ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል። ሰውየው ዋለ፣ አደረ፣ የትናንቱ ስካር ነው ሲባል ፎርሚክ አሲዱ ሥራውን ይሠራል። ጠጥቶ ባደረ ማግስት ዓይኔ ፈዘዘ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አታስተኙት፤ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ኢንዛይሙን ማስቆም ነው። ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከሌለ ንጹሕ ኤታኖል በልክ ይሰጣል። የጉበታችን ኢንዛይም ከሜታኖል ይልቅ ኤታኖልን ይመርጣል፤ በኤታኖል ሲጠመድ ሜታኖሉ ሳይለወጥ ይቆያል፤ በዚያ መካከል በኩላሊት እጥበት ከደም ይወጣል። ይህን የሰማ ሰው ግን ቤቱ ሆኖ በአረቄ ላክመው እንዳይል አደራ እላለሁ። መጠኑም ሰዓቱም በምርመራ የሚወሰን ነው፤ አረቄው ራሱ መርዙ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ወደ ባክቴሪያው ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ታሪክ ገና አልተነገረምና።

በጣሊያን አገር በኔፕልስ አጠገብ ሶልፋታራ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ጭቃው ይፈላል፤ አሲድነቱ ቆዳ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚህ ጭቃ ውስጥ ሚቴንና ሜታኖል የሚበላ ባክቴሪያ ተገኘ። ወደ ላቦራቶሪ ሲወሰድ ግን አላድግ አለ። የሚታወቀው ማዕድን ሁሉ ተሰጠው፤ ካልሲየምም ተሰጠው፤ እምቢ አለ። ከጭቃው ጉድጓድ የመጣ ውሃ ጠብ ሲደረግለት ያድጋል። ተመራማሪዎቹ በዚያ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 መልሱን አወጡት፤ ላንታነም፣ ሴሪየም፣ ኒዮዲሚየም የሚባሉ፣ በተለምዶ ብርቅ የሚባሉ የምድር ማዕድናት ነበሩ። ሴሪየም በላይተር ድንጋይ ውስጥ አለ፤ ኒዮዲሚየም በስልካችን ድምፅ ማጉያ ማግኔት ውስጥ አለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሕይወት ያለው ነገር እነዚህን ማዕድናት አይጠቀምባቸውም ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

ታዲያ የዚህ ባክቴሪያ ሜታኖል ዲሃይድሮጂኔዝ በካልሲየሙ ቦታ ላንታናይድ ያስቀምጣል። ዞክስኤፍ ይባላል፤ የፊተኛው ደግሞ ኤምኤክስኤኤፍ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብለው በሜቲሎባክቴሪየም ላይ ፍንጩን አግኝተውት ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከዚያም ይልቃል፤ ዞክስኤፍ በተፈጥሮ ውስጥ ከካልሲየሙ ኢንዛይም ይልቅ በብዛት ተስፋፍቶ ይገኛል። ሜቲሎባክቴሪየም ሁለቱንም ይዟል፤ ጥቂት ላንታነም ሲያገኝ የካልሲየሙን ያጠፋና የላንታነሙን ያበራል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ስንመረምረው የነበረው፣ መጽሐፍ የተጻፈለት ኢንዛይም፣ ባክቴሪያው በቤቱ ሳለ ብዙ ጊዜ የማይጠቀምበት መጠባበቂያ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ በንጹሕ ኬሚካልና በንጹሕ ብርጭቆ ስናሳድገው ላንታነም አልሰጠነውም። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ አያንስም፤ ብርቅ መባሉ አይገባውም። አቧራ የነካው ቅጠል ሁሉ ይኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከሜቲሎባክቴሪየም ላንታናይድን ለይቶ የሚይዝ ላንሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ተገኘ። ስልክ፣ ኤሌክትሪክ መኪናና የነፋስ ተርባይን በአብዛኛው እነዚህን ማዕድናት ይፈልጋሉና ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ከቆሻሻና ከማዕድን ዝቃጭ ብርቅ ማዕድን ለመልቀም ሊጠቀሙበት እየሞከሩ ነው። ሜታኖልን ራሱን ምግብ ማድረግም ተሞክሯል። አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቢሊንግሃም ግዙፍ ማብላያ ሠርቶ ባክቴሪያን በሜታኖል እያሳደገ የእንስሳት መኖ አመረተ፤ አኩሪ አተር ስለረከሰበት ተወው። አይስላንድ በእንፋሎት ኃይልዋ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሜታኖል ሠርታ አሳይታለች። የአሉቶን የከርሰ ምድር እንፋሎት ይዘን የምንገኝ እኛም ልናስበው የሚገባ ነገር ነው፤ ግን ለሌላ ቀን ልተወው።

ዛሬ የምለው ከዚህ ይቀርባል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው፤ ያሰባሰበው የአገር በቀል ዛፍ ቅጠል ሁሉ የሜታኖል ገበያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች፣ በሻላ፣ በአቢጃታና በጪቱ፣ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታትን ኢንዛይሞች ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠና ባልደረቦቻቸው አጥንተዋል፤ መንገዱ ተከፍቷል። የእንጦጦ ቅጠል ደግሞ እስከ ሐይቅ መሄድ እንኳ አይፈልግም። የኮሶ ቅጠል ላይ የሚኖረውና የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የሚኖረው አንድ ነው? ባሕር ዛፍ ዘይቱ ብዙ ተህዋስያንን ይገድላል፤ እነዚህ ሮዝ ባክቴሪያዎች እንዴት ይችሉታል? ክረምት ላይስ? በጋ አቧራው ሲበዛ ላንታነሙ ይጨምርላቸዋል? ጥያቄው በእጃችን ነው፤ ላቦራቶሪ ውድ ነው የሚለው ምክንያት ለዚህ አይሠራም።

መምህራን፣ አሠራሩን ልንገራችሁ። አጋር፣ ጥቂት ፎስፌት፣ አሞኒየምና ማግኒዚየም ያለው የጨው ፈሳሽ ይዘጋጃል። ስኳር አይገባበትም፤ ሥጋ መረቅ አይገባበትም። ግፊት በሚፈጥር ድስት 20 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። እጅ ሊይዘው በሚችል መጠን ሲቀዘቅዝ፣ ሳይረጋ፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ሜታኖል ይጨመርበታል፤ ሜታኖል በ65 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀደም ብሎ ከገባ በንኖ ያልቃል። ይህን የሚያደርገው መምህሩ ነው፤ ጓንት ለብሶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ እሳት በሌለበት። የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ቢጨመርበት መልካም ነው። ከዚያ በሳህን ይረጋል። ተማሪው ቅጠሉን ሳያጥበው በሳህኑ ላይ በቀስታ ይጫነዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ያነሳዋል። ሳህኑ ተገልብጦ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሙቀት ባለበት ጥግ ይቀመጣል። ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቢፈጅ አይገርምም፤ አዲስ አበባ ብርዳማ ናት። ከዚያ በሳህኑ ላይ የቅጠሉ ቅርጽ፣ ጅማቱ ሳይቀር፣ በሮዝ ነጠብጣብ ተስሎ ይወጣል። ሌላ ምግብ ስላልተሰጠው፣ በሳህኑ ላይ ያደገው በአብዛኛው ሜታኖል የበላው ነው።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ ያላችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍ በእጃችሁ ያለ ርእሳነ መምህራን፣ በሚመጣው ሴሚስተር ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ አሠሩ። ከዕፅዋት ማዕከሉ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ የዛፉን ስምና ቦታ፣ የለቀማችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የወጣውን ሳህን ፎቶ አንስታችሁ ለዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ክፍል አሳዩ። ባለሙያ የሚሻውን ዘረመሉን የመለየት ሥራ እነሱ ይቀጥሉታል። በመጀመሪያ ከኮሶ ጀምሩ።